ብርሃኑ የወደቀው በቀራጩ ላይ ነው

ሰሞኑን አንድ ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ የሳለው «የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት» ነው፤ ክርስቶስ ቀራጩን ማቴዎስን ከገንዘብ ጠረጴዛው ሲጠራው ያሳያል። በ1599 እና 1600 እ.ኤ.አ. ተሥሎ ዛሬም እዚያው ሮም፣ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል። ቁመቱም ስፋቱም ከ3 ሜትር ያልፋል። እኔ የማየው በስልኬ ነው፤ እያጎላሁ።

ያደግኩት ጥላ የሌለበት ሥዕል እያየሁ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። የካራቫጆን ክርስቶስ ሳይ ግን ደነገጥኩ። ቀኝ ዳር ቆሟል፣ በጎን ተሥሏል፣ ልብሱ ጨለማ ውስጥ ሰጥሟል። ጴጥሮስም ከፊቱ ቆሞ ከልሎታል። ጎልተው የሚታዩት ፊቱና የተዘረጋው እጁ ናቸው። አክሊለ ብርሃኑ እንኳ ቀጭን መስመር ናት።

ብርሃኑ ከክርስቶስ ራስ በላይ አልፎ ወደ ገንዘብ ቆጣሪዎቹ ይሄዳል። ቀዩና ቢጫው ልብስ፣ የባርኔጣው ነጭ ላባ፣ ድምቀቱ ሁሉ እነሱ ጋ ነው። ሥዕሉ ላይ መስኮት አለ፤ በዚያ ግን ምንም ብርሃን አይገባም። የሚመጣው ከቀኝ፣ ከሥዕሉ ውጭ ነው። ሥዕሉ ባለበት ጸሎት ቤት ደግሞ መንበሩ የሚገኘው በዚያው በኩል ነው፤ ከበላዩም እውነተኛ መስኮት አለ። ይህን ሳውቅ ልቤ ተነካ።

የክርስቶስ እጅም እንዲሁ። ሠዓሊው ማይክል አንጄሎ በቫቲካን በሚገኘው በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የሳለውን የአዳምን እጅ ይመስላል። ክርስቶስን ዳግማዊ አዳም ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማቴዎስ የቱ እንደሆነ የጥበብ ታሪክ አዋቂዎች ይከራከራሉ። እኔ ጢማሙ ሰውዬ ነው ባይ ነኝ። ብርሃኑ ሙሉ ፊቱ ላይ አርፏል። በአንድ እጁ «እኔን ነው?» የሚል ይመስላል፤ ሌላው እጁ ግን አሁንም ሳንቲሙ ጋ ነው። ወንጌሉ «ተነሥቶም ተከተለው» ብሎ ቶሎ ያልፋል። ካራቫጆ ደግሞ ገና ሳይነሣ ያዘው። ይህቺን ቅጽበት በጣም ወደድኳት።

ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም ይቆጥራል። መነጽር ያደረገው ሽማግሌም አጎንብሶ አብሮት ያያል። ሁለቱም ማን እንደገባ አላዩም። ማታ ማታ ሥዕሉን ስከፍት፣ ከማቴዎስ ይልቅ ስለ እነሱ አስባለሁ።