ቲ-ቤት በሩን ከፍቶ፣ ቤቱ ጭር ብሎ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ሥራው ሲነገር ቀላል ነበር፦ ከአይጥ ጣፊያ ገና ያልሠለጠኑ ሲዲ4 ቲ ሴሎችን (ገጻቸው ላይ ሲዲ4 የተባለ ፕሮቲን ያላቸውን የበሽታ መከላከያ ሴሎች) ለይቶ ማውጣት፣ ለአምስት ቀን ማሳደግ፣ ከዚያም ኢንተርፌሮን ጋማ ሲያመርቱ ማየት። ይህን ሳይቶካይን፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ፕሮቲን፣ የሚያዝዘው ዋናው የጂን ተቆጣጣሪ ቲ-ቤት ይባላል። ስሙ ውስጥ «ቤት» ስላለ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ አእምሮዬ ውስጥ ገባ።

ማሳደጊያው ላይ ሴሎቹን ወደ ኢንተርፌሮን አምራችነት የሚመራውን ሳይቶካይን፣ ኢንተርሊውኪን 12ን፣ ጨመርኩ። ኢንተርሊውኪን 4ን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካልም አብሮ ገባ፤ ኢንተርሊውኪን 4 ከተረፈ ስታት6 በተባለው ፕሮቲን በኩል ጋታ-3 የተባለውን ሌላ የጂን ተቆጣጣሪ ያስነሣል፣ ሴሎቹም ኢንተርፌሮን ጋማ ወደማያመርተው ወገን ያደላሉ። ቲ-ቤትና ጋታ-3 ባላንጣዎች ናቸው።

በአምስተኛው ቀን ሴሎቹን ቀለም አስይዤ ሴሎችን አንድ በአንድ በቀለማቸው በሚለካው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር፣ ሳያቸው ቲ-ቤትም የለም፣ ኢንተርፌሮንም የለም። ሳምንት ሙሉ ሴሎቹን ስወቅስ ከረምኩ። የመጀመሪያው ጥፋት ግን የእኔ ሆኖ ተገኘ። የሴሉን ሽፋን ለመብሳት የተጠቀምኩበት ፈሳሽ ለሳይቶካይን የሚበቃ ለስላሳ ዓይነት ነበር፤ ቲ-ቤት የሚቀመጠው ደግሞ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ለኒውክለስ የተዘጋጀውን ስጠቀም ቲ-ቤት ቦግ ብሎ ታየ። ኢንተርፌሮን ግን አሁንም ዜሮ!

አብሮኝ የሚሠራ አንጋፋ ቴክኒሽያን ውጤቱን ተመለከተና «ለመሆኑ ቀስቅሰሃቸዋል?» አለኝ። አልቀሰቀስኳቸውም። ቲ-ቤት የኢንተርፌሮኑ ጂን ያለበትን ጥቅልል ዲኤንኤ ፈትቶ ያመቻቻል እንጂ ያረፈ ሴል ዝም ብሎ አያመርትም። ካልሲየም ከፍ ሲል ካልሲኒዩሪን የተባለው ኢንዛይም ኤንፋት የተባለውን የጂን ቀስቃሽ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይልከዋል፤ ምርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ሴሎቹን የሚቀሰቅሱትን ኬሚካሎች፣ ፒኤምኤ እና አዮኖማይሲን፣ ጨምሬ አምስት ሰዓት ጠበቅኩ። የተመረተው ሾልኮ እንዳይወጣ ብሬፌልዲንም አከልኩ፤ ይህን የረሳ ሰው ባዶ ሴል ይቆጥራል። በነገራችን ላይ ፒኤምኤ ሲዲ4ን ከሴሉ ገጽ ስለሚቀንሰው በዚያ ቀን ግማሹ ሴል የጠፋ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሙከራ ጎን፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ሕሙማን የሚሰጠውን ሳይክሎስፖሪን የተጨመረበት አንድ ቱቦ አስቀምጣለሁ። መድኃኒቱ ካልሲኒዩሪንን ያግዳል። በዚያ ቱቦ ቲ-ቤት እንደ ደመቀ ነው፤ ኢንተርፌሮን ግን ብን ብሎ ይጠፋል።