ጎንደር ላይ እምቢ ያለው መርገጫ

ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው መንገድ አስፓልት ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኝትን እያለፉ መንዳት ነው። እኛን ጣጣ ውስጥ የከተተን ጉዛራ ነው። እንፍራንዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት አለ። ከጎንደሮቹ ሁሉ ቀድሞ የተሠራ ነውና ሳናየው አናልፍም ብለን ከዋናው መንገድ ወጣን። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። እስከ ኮረብታው ግርጌ በጭቃ ገባን፣ በጭቃ ወጣን። ግንቡ ግን ጭቃውን ያስረሳል።

የምንጓዘው በቤት መኪና ነው። አጎቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ከጀርመን ያመጡት፣ አልጋውም ምድጃውም መጸዳጃውም ውስጡ ያለ ዓይነት። በሩ ከመሬት ከፍ ስለሚል ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መርገጫ አለው። በሩ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል። የአጎቴ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪናው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የሚወዱት ይህንኑ መርገጫ ነው።

ጎንደር ፒያሳ ደርሰን በሩን ስንከፍት "ቀጭ" አለና ዝም። ዘጋን፣ ከፈትን። ቀጭ፣ ዝም። ጋሼ ሞተር አስነሡና እንደገና ሞከርን። አሁን ግማሽ መንገድ ተንፏቆ ወጣና ቆመ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። "እኔ እዚህ ነው የማድረው" አሉ።

የጎንደር ሰው እንግዳ ተቸግሮ እያየ ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱ ባትሪ ነው አለ። ሌላው የለም የመርገጫው ሞተር ተቃጥሏል አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጎንበስ ብለው አዩና "ድሮስ ደረጃ በኤሌክትሪክ!" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ለኛ አገር መንገድ በእጅ የሚታጠፍ የብረት መርገጫ ይሻላል። ግን ያለን እሱ ነው። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማዋን አመጣችና "እናቴ፣ በዚህ ይውረዱ" አለች። እትዬ ወረዱ፣ ቡናዋንም ሦስቱንም ጠጡላት።

ጋሼ መኪናውን የገዙበት ሱቅ ደወሉ። መልሱ አጭር ነበር፤ ሞተሩም መቆጣጠሪያውም አብሮ ይቀየር። ዋጋውን ሲሰሙ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ሌላ መላ ስላልታያቸው ግን እዘዙልኝ አሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይዞት ይመጣል ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጋራዥ ገባን። አውቶ ኤሌክትሪሻኑ ወጣት ነው፣ ንግግር አያበዛም። መጀመሪያ የጠየቀው የመርገጫው ፊውዝ የት እንዳለ ነው። "በሩን አንድ ሰው ከከፈተው ጣቴን ይዞ ነው የሚሄደው" አለ። በእርግጥም ያ ብረት ሰው የሚሸከም ነገር ነው፣ ሲንቀሳቀስ ጣት ካገኘ አይምርም። እጁን ከሥር ባስገባ ቁጥር ፊውዙን እየነቀለ ኪሱ ይከተዋል፣ ሊሞክር ሲል መልሶ ይሰካዋል።

ከዚያ በሩን ክፈትልኝ አለና ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭ። "ይሄ ጥሩ ነው።" ነገሩ እንዲህ ነው። በሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ማግኔት አለ፣ ትይዩው መቃኑ ላይ ደግሞ ስዊች። በሩ ተከፍቶ ማግኔቱ ሲርቅ ስዊቹ ለመቆጣጠሪያው ሳጥን ይናገራል፣ ሳጥኑም ለሞተሩ ኃይል ይለቃል። ቀጭታው ከሌለ የሚጠረጠረው ማግኔቱ፣ ስዊቹ ወይም ፊውዙ ነው። ማንኛውንም ማግኔት ስዊቹ ላይ አስጠግቶ በማራቅ ይለያል። የኛ ቀጭ ስላለ ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው። የጎደለው ከትእዛዙ ወዲያ ነው።

ሞተሩንም ለብቻው ፈተነው። ሶኬቱን ነቀለና ከሌላ ባትሪ ሁለት ሽቦ ስቦ በቀጥታ ሰጠው። መርገጫው እያቃሰተ ወጣ። ሽቦዎቹን አገላበጣቸው፣ ገባ። "በሞተሩ አታሳቡ" አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ። ትናንት ያዘዙት ዕቃ ትዝ ብሏቸው ነው።

የመኪናውን ባትሪ ለካ፣ 12.6 ቮልት። ሙሉ ነው። የቴስተሩን ጫፎች ሞተሩ ሶኬት ላይ አሳረፈና በሩ ሲከፈት 12 ምናምን አነበበ። ጋሼ "ይኸው ኃይል አለ!" አሉ። "ቆይ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ሲሆን ልየው።" ሶኬቱን መልሶ ሰክቶ፣ የቴስተሩን ጫፎች ከጀርባው አስገብቶ በሩን አስከፈተኝ። ቁጥሩ ከ7 በታች ወረደ። "እንደ ሰፈሬ ቧንቧ ነው። ሲዘጋ ግፊት ያለው ይመስላል፣ ሲከፈት ይንጠባጠባል።" ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሞተሩ ሳይሠራ ቢለካ፣ በአንዲት ቀጭን ክር ያለፈ ኃይልም ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ ያደረገውን ግን ወደድኩለት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን መርገጫው ብረት ላይ አደረገ። "አሁን ክፈት።" 5 ቮልት። ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ማሳው፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ ከዜሮ ብዙም አይርቅም ነበር። ለሞተሩ የታሰበው ኃይል መመለሻው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። የመኪናው ሞተር ተነሥቶ ግማሽ ድረስ የወጣውም ለዚህ ነው። ዲናሞው ቮልቱን ወደ 14 ከፍ ስለሚያደርገው ትንሽ ተርፎት ነበር።

በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። እኔም ስልኬን አብርቼ ተከተልኩት። የማሳው ገመድ የታሰረበት ቡሎን ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ነው፣ የጉዛራ ጭቃ ደርቆ ሸፍኖታል። ጭቃውን በካቻቢቴ ፈቀፈቀው። ከሥሩ የወጣው ቀለበት መዳብ መሆኑ ያስታውቃል ለማለት ይከብዳል። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ሆኗል፣ የተቀመጠበት ብረትም ዝጓል። በዚህ ጉዛራን ብቻ መክሰስ አይቻልም። ጀርመን አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። ዝገቱን የጀመረው እሱ ነው፣ ጭቃችን ጨረሰው እንጂ።

ቡሎኑን ፈታው። ቀለበቱንም ብረቱንም እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ አጥብቆ አሰረና ከላይ ግሪስ ለቀለቀበት። ፊውዙን መለሰ። መርገጫው ወጣ። ወጣ እንጂ ማቃሰቱን አልተወም። መገጣጠሚያዎቹም አሸዋ ቅመዋል። በውሃ አጠባቸው፣ ነጭ ጋዝ አርከፈከፈባቸውና "ይራስ፣ ከሰዓት ተመለሱ" አለን። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ምን እናድርግ እስከዚያ ሲሉ "ፋሲል ሂዱ እናቴ። የሱ ደረጃ ፊውዝ የለውም።"

በባጃጅ ሄድን። ጎንደርን አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሯት ጀምሮ ነገሥታቱ እየተከታተሉ የሠሩት ሁሉ 900 ሜትር በሚሆን አጥር ውስጥ ነው። እትዬ የፋሲልን ግንብ የድንጋይ ደረጃ እያረፉ ወጡት። በያንዳንዱ እረፍት የኤሌክትሪሻኑን ቀልድ ደግመው ይስቃሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ደርሰን ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት አየን። ደርቡሾች በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው።

ስንመለስ ጋሼ መገጣጠሚያዎቹን በግሪስ እናጥግባቸው አሉ። ልጁ እምቢ አለ። "ማሳው ላይ ይሁን ጋሼ፣ እዚያ ውሃ ይከላከላል። የሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ ግን አቧራ ይጠራል። አቧራና ግሪስ ሲለወስ ብረት ይሞርዳል።" ቶሎ የሚደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ከመለዋወጫ ሱቅ አስመጣና ነፋበት። ድምፁ ጠፋ።

አንድ ነገር ቀረ አለ። የኛ መኪና በሩ ቢዘጋና መርገጫው ውጭ ቢቀር፣ ቁልፍ ሲዞር ራሱ እንዲገባ ነው የተሠራው። በሩን ዘግቶ፣ መርገጫው ከመግባቱ በፊት ፊውዙን ነቀለ። ቁልፉን አዞረ፣ ፊውዙን መለሰ። መርገጫው ሾልኮ ገባ። "ይሄ ካልሠራ እንዳትነዱ። በዚህ ከተማ መንገድ ባጃጅ ወይም አህያ ነው የሚያገኘው።" መንገድ ላይ ወጥቶ ከቀረም ሞተሩን ከክንዱ የሚያያይዘውን ፒን አሳየኝ። እሱን አውጥቶ፣ በእጅ ገፍቶ፣ በገመድ ማሰር ነው።

ሒሳቡን ስንጠይቀው "የፈቀዳችሁትን" አለ። እንዲህ ያለ መልስ ሁሌም ያስጨንቀኛል። ጋሼ የሰጡትን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና "ወንድም ዓለም" አለኝ፣ "ደባርቅ ስትደርሱ ያንን ቡሎን አንዴ ነካ አድርገው። ከታጠበና ከተነዳ በኋላ ሊላላ ይችላል።"

በማግስቱ በአምባ ጊዮርጊስ አድርገን ወጣን። ዳባት ላይ ቆምን፣ መርገጫው ወጣ፣ እትዬ ወረዱና ከአንዲት ሴት ጋር የድንች ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ደባርቅ ስንገባ ከመኪናው ሥር ገብቼ ቡሎኑን በቁልፍ ሞከርኩት። ሩብ ዙር ያህል ጠበቀ። ከሥር ስወጣ ጋሼ ስልክ ላይ ነበሩ። በጀርመንኛ ይናገራሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ያዘዙትን ዕቃ እያሰረዙ ነው።