ቶሎ ለሚገባቸው ልጆች፦ የቱሉ ዲምቱ ወላጆች የቅዳሜ ትምህርት

ልጃቸው የክፍሉን ትምህርት ከሌሎች ቀድሞ የሚጨርስባቸው ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ አስጠኚ እንቅጠርለት ወይስ ክፍል እንዲዘል እናድርግ? በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ወላጆች እንዲህ ያሉ ልጆቻችንን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሰበሰብን ማስተማር ከጀመርን ወዲህ የእኔ መልስ አንድ ሆኗል። ከሁለቱም በፊት ልጁ የሚታገለው ጥያቄና አብረውት የሚታገሉ ጓደኞች ያግኝ እላለሁ።

ቶሎ የሚገባው ልጅ ችግር ከውጭ ሲታይ ችግር አይመስልም። ፈተና ያልፋል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ካርዱ ወላጅን ያስደስታል። ነገር ግን መምህሩ ለመላው ክፍል ሦስት ጊዜ የሚደግመውን ነገር በመጀመሪያው የተረዳ ልጅ የቀረውን ክፍለ ጊዜ በምን ያሳልፈዋል? አንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ይነካካል፣ ያወራል፣ «ረባሽ» ተብሎ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ልጄም በአንድ ወቅት በዚህ ስም ተጠርታለች። ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይህኛው ነው። ዝምተኛው ልጅ «ማወቅ ማለት ሳይደክሙ መመለስ ነው» የሚል እምነት እያሳደረ ያድጋል፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይገባው ነገር ሲገጥመው መታገልን ስላልተለማመደ «ለካ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱ ላይ ይፈርዳል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ይዞ የሚያስተምር መምህር ለእያንዳንዱ የተለየ ትምህርት ያዘጋጅ ማለት ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ስለሆነ በመምህራን አልፈርድም። አስጠኚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምረው የሚቀጥለውን ምዕራፍ ነው፤ ምዕራፉ ክፍል ውስጥ ሲደርስ ልጁ ዳግመኛ ይሰለቻል።

የምንሰበሰበው ኮሚናል በምንለው የጋራ መገልገያ ቤት ሲሆን፣ ወንበሩ የእድራችን ነው፤ ለቅሶ ባለበት ቅዳሜ ትምህርቱ ይቀራል ወይም ደጅ ይሆናል። ክፍያ የለም። መምህራኑ እኛው ወላጆች ነን፦ ግንበኛ፣ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀያሽ፣ የአንዷ ልጅ አያት የሆኑ መሪጌታ። መጀመሪያ ላይ «እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ምን አውቃለሁ» ያላለ ወላጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆኖም ልብስ ሰፊዋ ጠፍጣፋ ጨርቅ እንዴት ክብ ትከሻ ላይ ያለ ሽብሽብ እንደሚቀመጥ ስታሳይ ልጆቹ ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነበር፤ ብርቱካን ልጠው ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ሞክረው ሳይቀደድ እንደማይዘረጋ ራሳቸው ደረሱበት።

ማን ይግባ የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራክሮናል። አንዳንድ ወላጆች ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ብቻ ይምጡ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ የተጀመረውን የሉዊስ ተርማን ጥናት ምሳሌ አድርጌ ጠቀስኩ። ተርማን በማሰብ ችሎታ ፈተና ከ1,500 የሚበልጡ ልጆችን መርጦ ለብዙ ዓመታት ተከታተላቸው። በዚያው ጊዜ ተፈትነው ነጥባቸው አልበቃም ተብለው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙ ነበር፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት መካከል ግን ኖቤል ያገኘ አልነበረም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊም በ1978 እ.ኤ.አ. ልዩ ተሰጥኦ የሚታየው ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራና የጀመሩትን አለመተው በአንድነት ሲገናኙ ነው ሲል ጽፏል። ከእነዚህ የመጨረሻውን፣ የጀመሩትን አለመተውን፣ የክፍል ደረጃ አይለካውም። ስለዚህ ደንባችን «አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞት የሚመለስ ልጅ ይግባ» የሚል ሆነ።

በዚህ ደንብ ከገቡት አንዱ የሕንፃችን ጥበቃ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ ነው፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ደረጃ ብንጠይቅ ኖሮ አይገባም ነበር። በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» እየተባለ የሚጠራውን ዘዴ ባየንበት ቀን ግን ከሁሉም ርቆ የሄደው እርሱ ነው። ዘዴው ማጠፍ፣ ማጋመስና መደመር ብቻ ይፈልጋል። 13ን በ24 ለማባዛት በአንድ ወገን 13ን እያጋመሱ፣ ትርፉን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ብለው ይጽፋሉ፤ በሌላው ወገን 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይጽፋሉ። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር፣ ማለትም የ6 መስመር፣ ይሰረዛል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። ሌሎቹ መልሱ ትክክል መሆኑን አይተው ሊነሡ ሲሉ ይህ ልጅ «ለምን ይሆናል?» አለና ተቀመጠ። በቀጣዩ ቅዳሜ ይዞ የመጣው መልስ 13 የ8፣ የ4 እና የ1 ድምር ነው፣ የተሰረዘው መስመር የ2 ድርሻ ነው የሚል ነበር። ይህ ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዝበት መንገድ መሆኑን የነገረው የሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ ያገኘው ግን ልጁ ራሱ ነው።

እስካሁን ካደረግነው ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያየሁት በጥላ ቀን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትውላለች፤ በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በእኩለ ቀን ጥላ አይኖረውም። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት የመረጥነው ሚያዝያን ነው። ግንበኛው አባት ቱንቢውን ይዞ መጥቶ አንድ ሜትር የሆነውን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ማቆም አስተማራቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላው አሁንም ነበር፤ አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተው መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ልጅ ግን የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት እያደረገች ስለነበር እያጠረ መሆኑን አሳየቻቸውና እንጠብቅ አለች። ጥላው የጠፋው 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ ነው። ምክንያቱን ሲያፈላልጉ የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር መሆኑን አገኙ። እኛ ከዚያ መስመር ከ6 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ነን፤ ፀሐይ ደግሞ አንድ ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል።

በዚያው ዕለት አክሱም የምትኖር የአንድ ልጅ አክስት እንደዚሁ አንድ ሜትር ዘንግ አቁማ፣ በዚያው ሰዓት የጥላውን ርዝመት በስልክ ነገረችን። አክሱምን የመረጥነው ከእኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ስለሚቻል ነው። ጥላው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ልጆቹ ሦስት ማዕዘኑን ወረቀት ላይ ሥለው በፕሮትራክተር ሲለኩት 5 ዲግሪ ሆነ፤ 5 ዲግሪ የሙሉው ክብ 72ኛ እጅ ስለሆነ የምድር ዙሪያ ከአክሱም እስከ እኛ ያለው ርቀት 72 እጥፍ ነው ማለት ነው። ከ2,200 ዓመት በፊት ገደማ በእስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ መንገድ ነው። ቀጥሎ የተነሣው ክርክር ግን እኛ ያላሰብነው ነበር። አንዱ ቡድን ከአክሱም እስከ እኛ ያለውን ርቀት በመኪና መንገድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርጎ ወስዶ የምድር ዙሪያ 72,000 ኪሎ ሜትር ነው አለ። ሌላው መንገዱ በተራራው እንደሚጠማዘዝ አስታውሶ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለካና 580 አግኝቶ 41,760 አለ። እውነተኛው ከ40,000 ጥቂት ይበልጣል። ቀያሹ ማዕዘኑን ሩብ ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርገው እንዲያሰሉት ሲነግራቸው ውጤቱ ከ40,000 በታች ወረደ። ወዲያው ሁሉም ወደ ሦስት ማዕዘኑ ተመልሰው የእርሳሳቸውን መስመር ውፍረት ሲመረምሩ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የፈተና ውጤት የበለጠ ደስታ ነበር፤ ትክክለኛውን መልስ ከማግኘት አልፈው፣ ያገኙት መልስ ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ጀምረው ነበርና።

የመሪጌታው ትምህርትም እንዲሁ ካሰብነው ርቆ ሄደ። የባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ መነሻ ሲያስተምሩ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለበትን ቀን እንዲህ አወጡ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ዓመትና 2,018 ተደምረው 7,518፣ የዚህ ሩብ ትርፉ ተጥሎ 1,879፣ ሁለቱ ተደምረው 9,397፣ በ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ማክሰኞን አንድ ብሎ ሲቆጠር ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ልጆቹ ሩቡ ለምን ይጨመራል ብለው ያዟቸው፤ እርሳቸውም መልሱን አልነገሯቸውም፣ ጳጉሜን አስቡ ብቻ አሏቸው። 365 በ7 ሲካፈል 1 እንደሚተርፍ፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን እንደሚጨመር ተወያይተው ደረሱበት። ከዚያ መሪጌታው አበቅቴ የሚባለውን የጨረቃ ቁጥር ሲያስረዱ እርሱን ለማውጣት በ11 እንደሚባዛ ተናገሩ። ይህን ጊዜ አንዲት ሙስሊም ልጅ እጇን አውጥታ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ ገለጸችና ሁለቱ 11ዎች አንድ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። አንድ ናቸው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ ከ365 ሲቀነስ 11 ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት አባቷ መጥተው ስለ ሂጅራ አቆጣጠር አስተማሩ፤ መሪጌታውም ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው አዳመጡ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፍ። ገበጣና ቼዝ እንጫወታለን። አንድ ላፕቶፕ ስላለን ስክራች በተባለው የልጆች ማስተማሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት በተራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቋረጣል። መብራት የጠፋበት ምሽት ግን በግንቦት ለሰማይ ይጠቅማል፤ በስተ ሰሜን ከአድማስ ብዙም ያልራቀውን የሰሜን ኮከብ፣ በስተ ደቡብም የደቡብ መስቀልን በአንድ ምሽት ማየት የሚቻልበት አገር ላይ መኖራችንን ልጆቹ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና ድንቅነሽ የምትገኝበትን ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኝተናል፤ ከቱሉ ዲምቱ ሲነሡ ትራንስፖርቱ አድካሚ ስለሆነ ግን ጉዞን የትምህርቱ ዋና አካል አላደረግነውም።

በሥራው ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ልጆቹን ማስተማር አይደለም። «ሰርተፊኬት ትሰጣላችሁ ወይ?»፣ «ከነዚህ ውስጥ አንደኛው ማን ነው?» የሚሉ ወላጆችን ማስረዳት ነው። ጥያቄያቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደረጃ በገባበት ዕለት ልጆቹ የሚያውቁትን ብቻ መመለስ እንደሚጀምሩ አንድ ጊዜ በሞከርነው የጥያቄና መልስ ውድድር በግልጽ ታይቷል፤ የተሳሳተ መልስ ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። «ሊቅ» ብሎ መጥራትንም በስምምነት ከልክለናል። እንዲህ እየተባለ ያደገ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እንቆቅልሹ እምቢ ሲለው አልቅሶ ወጣ፤ እናቱ ይቅርብኝ ማለቱን ነግራኝ ነበር። የመለሰው የማንም ምክር አይደለም፤ ያው እንቆቅልሽ ሌሎቹንም ሳምንቱን ሙሉ እንዳስቸገራቸው ከጎረቤቱ ልጅ ሰምቶ ነው የመጣው።

በክረምቱ የዝናብ መጠን እንለካለን፤ በሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች፣ በተለይ በእንጦጦ ግርጌ የምትኖሩ ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ብትሳተፉ የሁለቱን ሰፈር ዝናብ ለማነጻጸር እንችላለን። የሚያስፈልገው አንገቱ ተቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ባዶ ሃይላንድና ማስመሪያ ነው። የሃይላንዱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምራችሁ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ሙሉበትና እዚያ ላይ 0 ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን፤ ካነበባችሁ በኋላ ውኃውን ወደ ምልክቱ መልሱት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ ልጆቹ በሕንፃቸው ጣሪያ ላይ የወረደውን ውኃ ማስላት ይችላሉ። መዝገቡን ልጁ ራሱ ይያዝ፤ ዝናብ ባልጣለበት ቀንም 0 ብሎ ይጻፍ።