ታኅሣሥ 16 ነው

የሚከፈለኝ በቃል ነው። ሜልበርን ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የክትባት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የትኛው ቆሻሻ የትኛው ገንዳ ውስጥ እንደሚጣል የሚናገር ማሳሰቢያ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም፣ አሁንም ሥራ ይሰጡኛል) ስለ ድሮው የሜልበርን የዝማሬ ኮንሰርቶች ያዘጋጀውን የትንሽ ኤግዚቢሽን ጽሑፍ ሲልክልኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ። 12 ሰሌዳ እና አንድ በራሪ ወረቀት። በመክፈቻው ማታ ከአቀናባሪው ሃንደል ትልቅ የዝማሬ ድርሰት ከ«መሲሕ» ጥቂቱ ይዘመራል፣ የእኛም ሰፈር አዛውንቶች ተጋብዘዋል።

ጽሑፉ ራሱ ደስ ይል ነበር። ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ዓለም የተንጋጋው በ1851 ነው። ያኔ የቅኝ ግዛቱ ሕዝብ 77 ሺህ ገደማ ነበር፣ በ10 ዓመት ውስጥ 540 ሺህ ደረሰ። ቤት ስለሌለ ከያራ ወንዝ ማዶ ሰው በድንኳን ይኖር ነበር። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጭቃና ግርግር መሃል፣ በ1853 ዓ.ም. በፈረንጅ፣ የሜልበርን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር ተቋቋመና ዲሴምበር 24 ቀን «መሲሕ»ን ዘመረ። ጣሪያ ሳይኖራቸው ባለ አራት ድምፅ መዘምራን ነበራቸው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እኛም አገር ለቀን ስንወጣ መጀመሪያ የምናቋቁመው ዕቁብና ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ትዝ አለኝና ሳቄን ተውኩት። የመሬቱ ባለቤቶች፣ የኩሊን ሕዝቦች፣ ግን ከ12ቱ ሰሌዳ በአንዱ ላይ ብቻ፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር አሉ። እኔ የምተረጉመው የተጻፈውን ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የዝማሬ ማኅበሩን «የመዘምራን ማኅበር» ብለው ሰው ጉባኤ ይመስለዋል፣ «የሙዚቃ ክበብ» ብለው ደግሞ ቀበሌ ይመስላል። በዘመኑ ልማድ የጨዋ ቤት ሴት ኮንሰርት ላይ ብቻዋን ስትዘምር ስሟ ተደብቆ «አንዲት አማተር እመቤት» ተብሎ ይታተም ነበር። ይኼን ሐረግ ሦስት ቀን አገላብጬው እንዳለ ተውኩት። አሁንም ሳየው ያስጠላኛል። «ሃሌሉያ» ብቻ አላስቸገረኝም፤ ለእሱም ከፍለውኛል።

ወደ ነገሩ ልግባ።

እዚህ አገር የትርጉም ሥራ ላይ ቁጥር የሚፈትሽ ፕሮግራም አለ። እንግሊዝኛው ላይ ያለ ቁጥር አማርኛው ላይ ከሌለ ቀይ ያደርገዋል። የእኔ ጽሑፍ ሦስት ቦታ ቀላ። 24ን 16፣ 1853ን 1846፣ የኮንሰርቱን 8 ሰዓት ደግሞ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብዬ ነበር። አማርኛ ፊደል ከቆንጆ ጌጥ ለይታ የማታውቀው አስተባባሪያችን ደነገጠች። እኔም ረጅም ኢሜይል ጻፍኩላት። ስለ ቀኑ ሁለት ገጽ፣ ስለ ሰዓቱ አንድ መስመር። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይግባ ተባለ፣ ተስማማን።

ከዚያ ገምጋሚው መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። እዚህ ከተማ አማርኛ ሲታተም እሳቸው ሳያዩት አይወጣም፣ እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ሆዴ ትንሽ ይሻክራል። ኢሜይላቸው ሁለት ነጥብ ነበረው። «1ኛ፣ ዲሴምበር 24 ታኅሣሥ 15 ነው፣ 16 የሚለው ይታረም።» እዚህ ላይ ስልኬን አነሳሁ።

«ጋሼ፣ 16 ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ዲሴምበር 24 ታኅሣሥ ስንት ላይ ይውላል?»

«15።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ያኔ 16 ላይ ነበር የሚውለው።»

«ታኅሣሥም እንዳንተ ተሰደደ?»

ሳቁ። በጣም ሳቁ። ከኋላ የባለቤታቸውም ሳቅ ይሰማኛል፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ቀን የተፈጠርኩ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ የዓድዋ ድል በፈረንጅ መቼ ነበር?»

«ማርች 1፣ 1896።»

«በእኛስ?»

«የካቲት 23 ነዋ፣ ምን ይጠየቃል።»

«ዛሬ የካቲት 23ን የምናከብረው በፈረንጅ ስንት ቀን ላይ ነው?»

ዝም አሉ።

«ማርች 2» አሉ ቀስ ብለው።

«ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ ቆረጧት፣ እኛ ግን በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን ቀጠልን። ከዚያ በፊት ልዩነታችን በአንድ ቀን ያነሰ ነበር። ስለዚህ ያ ኮንሰርት የተዘመረው ታኅሣሥ 16፣ 1846 ነው። ካሣ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ካደረገ ገና ስድስት ወሩ።» ካሣን ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ድል ላይ ነበርኩ።

እንደገና ዝም አሉ። ከኋላ የነበረው ሳቅም የለም። ከዚያ፣

«ይሁን፣ 16 ይሁን። ሁለተኛውን ነጥብ አየኸው?»

«አይቼዋለሁ ጋሼ።»

አላየሁትም ነበር።

በማግሥቱ የመጨረሻው ቅጂ መጣልኝ። ከፍቼ በቀጥታ ወደ 16 ሄድኩ። አለ። 1846ም አለ። ፈረምኩና ላክሁ። እዚህ ላይ ሰዓቱን ማን እንደነካው እስከ ዛሬ የሚያምን ሰው አልተገኘም። አስተባባሪዋ ዲዛይነሩ ነው ትላለች፣ ዲዛይነሩ ፕሮግራሙ ነው ይላል። ብቻ ቀዩን ያየ አንድ ሰው በራሪው ላይ 2ን አጥፍቶ 8 አድርጓል። «ከምሽቱ 8 ሰዓት»። እንዲህ ያለ ሰዓት በአማርኛ የለም። ልጆቹ በፈረንጅ አስበው ገባቸው። አዛውንቶቹ ግን የጽሕፈት ስህተት አገኙ፣ በልባቸውም አረሙት፦ ከቀኑ 8 ሰዓት።

በዕለቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ። አስተባባሪዋ ናት።

«ሰዎችህ መጥተዋል።»

«ሰዎችህ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰሌዳው ሲያምር «ሰሌዳችን» ነበር።

ታክሲ ይዤ ስደርስ 11 ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዲሴምበር ነው፣ እዚህ ደግሞ ዲሴምበር በጋ ነው፣ አስፋልቱ ይነዳል። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል፣ የመዘምራን ነገር ነው ስለተባለ። አንድ አባት ከነ ሙሉ ልብሳቸው፣ ከነ ከረቫታቸው። በሩ ተቆልፏል፣ በመስታወቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰላል ላይ ቆሞ መብራት ያስተካክላል። ማንም አልተቆጣኝም፣ ያ ነው የባሰው። «ቀድመን መጣን መሰለኝ ልጄ» አሉኝ እማማ አንዷ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል።

መሃላቸው ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ጋሼ። ውኃ በካርቶን፣ ድፎ ዳቦ በመሶብ፣ የመኪናቸውን በር በርግደው። እሳቸው ለኮንሰርቱ አልነበረም የመጡት። ሰዎቹ በ8 ሰዓት እንደሚመጡ ስላወቁ ነው የመጡት።

ስልኬን አውጥቼ ኢሜይላቸውን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «2ኛ፣ በራሪው ላይ ‹ከምሽቱ 8› የሚል ገብቷል። ሰው በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ይኼ ከ1ኛው ነጥብ ይብሳል።» ሲልኩልኝ ሌሊቱ እኩል ሆኖ ነበር። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምታናድደኝ፤ የሚብስ ከሆነ ለምን 2ኛ ላይ አስቀመጡት?

«ያው እንዳየኸው» አሉኝ ጋሼ፣ ብርጭቆ እያቀበሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ሰዎቹን በሁለት ዙር ጭነው ፉትስክሬይ ቡና ሊያስጠጧቸው ወሰዷቸው።

ማታ ከ11ዱ 6 ተመለሱ። ዝማሬው ጥሩ ነበር። «ሃሌሉያ» ሲጀምር እንደ ድሮው ልማድ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እማማ ያለቀ መስሏቸው ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ማንም እንደማይወጣ ሲያዩ ወደ እኔ ዞረው «ቆሞ ነው እንዴ የሚሰማው? ይኼማ እንደ እኛው ነው» አሉኝ። መቋሚያ ቢኖር ይሰጧቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

በዕረፍቱ አብረን ሰሌዳዎቹን ዞርን። የከተማ አዳራሹ በ1870 ሲመረቅ ለዝግጅቱ አዲስ ድርሰት የጻፈው የአቀናባሪው የሜንዴልሶን ተማሪ፣ ቻርልስ ሆርስሊ፣ አለ። በ1872 ተጠናቅቆ በ1925 ከአዳራሹ ጋር የተቃጠለው ኦርጋን አለ። ለ1888ቱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከለንደን የመጣው የኦርኬስትራ መሪ ፍሬድሪክ ካወን ለ6 ወር የተከፈለው 5,000 ፓውንድ አለ፣ እሱ ሰሌዳ ፊት እኔ ትንሽ ቆየሁ፣ በቃል ስንት እንደሚመጣ እያሰላሁ። ጋሼ ግን በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ ሄዱ። መነጽራቸውን አወጡ። «ታኅሣሥ 16፣ 1846» በሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺን ስንት ሰው ያያታል?»

«እርስዎ አይተውታል» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ መሰለኝ፣ ጢማቸው ስላለ አይታወቅም።

በራሪው በማግሥቱ ታረመ። ለእርማቱ አንድ አሃዝ ስለሆነች አልተከፈለኝም። አስተባባሪዋ አሁን ሥራ ስትልክ «እባክህ ሰዓቶቹን ሁለቴ እይ» ብላ በደማቅ ትጽፋለች፣ ሰዓቱን ያበላሸው የእነሱ ድርጅት መሆኑን ግን አንድም ቀን አልጻፈችም። ጋሼም መገምገማቸውን ቀጥለዋል። እኔ ኢሜይላቸውን አሁን ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት አንድ ላኩልኝ፣ ሁለተኛው ነጥብ ትክክል ነበር፣ አመስግኜ አረምኩት። የመጀመሪያው ተሳስቷል፣ አሁን ልደውልላቸው ነው።