የፀረ ታንክ ጠመንጃ ቦምብን ታሪክ በክብደቱ ማጥናት

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምቦች (ከጠመንጃ አፈሙዝ የሚተኮሱ ቦምቦችን) ሳጠና መጀመሪያ በአንድ ወገን የቦምቡን ስም፣ በሌላው የሚበሳውን ብረት ውፍረት ጽፌ አወዳደርኩ። በዚህ መንገድ ነገሩ አልጨበጥ አለኝ። እንደገና ስጀምር ክብደትን አስቀደምኩ፤ ያን ጊዜ ታሪኩ ገጠመልኝ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራ ጥይት ብረት የሚበሳው በፍጥነቱ ነው። የጠመንጃ ቦምብ ግን ዝግተኛ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ፈንጂው ፊቱ ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ ስላለው ነው፤ ጉድጓዱን የለበሰው ቀጭን ብረት በፍንዳታው ተጨምቆ ወደፊት ይወነጨፋል። ሾጣጣው በሰፋ ቁጥር የሚበሳው ይጨምራል፤ ቦምቡም ይከብዳል፤ የከበደውን ደግሞ ጠመንጃውና ትከሻው መሸከም አለባቸው።

የእንግሊዞቹ ቁጥር 68 የተባለው ቦምብ በ1940 ሲወጣ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 900 ግራም ይመዝናል፤ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት ይበሳል። የሚተኮሰው አፈሙዝ ላይ ከሚታሰር ኩባያ ነው። ምቱ ብርቱ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተለዩት የሊ ኢንፊልድ ጠመንጃዎች እንጨታቸው በሽቦ ተጠምጥሞ ይጠናከር ነበር። በፎቶግራፍ ላይ ያ ሽቦ ከታየ የጠመንጃውን ሥራ መገመት ይቻላል።

አሜሪካኖች የጠመንጃን የአቅም ወሰን ያወቁት በኤም 10 ነው። ስዊዛዊው ሄንሪ ሞሃውፕት የነደፈው ይህ ቦምብ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ለጠመንጃ ከበደ። ሮኬት ተገጥሞለት በቱቦ ሲተኮስ ግን ባዙቃ ሆነ። ለጠመንጃ የቀረው 590 ግራም ያህል የሚመዝነው ኤም 9 ኤ 1 ነበር። ባዙቃን ለብቻው፣ የጠመንጃ ቦምብን ለብቻው አድርጎ የሚጽፍ ሰው ይህን ቋጠሮ ይስታል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማስወንጨፊያው፣ ማለትም ቦምቡን ለመተኮስ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ዕቃ ነው። ከአሜሪካ ጠመንጃዎች ኤም 1 የተባለው ለስፕሪንግፊልድ፣ ኤም 7 ለጋራንድ፣ ኤም 8 ለካርባይን የተሠራ ነው። ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ጠመንጃውን ሳይጠቅሱ መመዝገብ ያሳስታል። እርሳስ የሌለው ልዩ ጥይት ቦምቡን በጋዙ ይገፋዋል። ስፕሪንግፊልድ በእጅ የሚቀባበል ስለሆነ ይህ አያስቸግረውም። ጋራንድ ግን ራሱን በጋዝ ያቀባብላል፤ የዚህ ጥይት ግፊት ደግሞ የማቀባበያውን ዘንግ ይጎዳል። ስለዚህ ኤም 7 ሲገጠም አንዲት ጫፍ የጋዝ ቫልቩን ተጭና ትከፍታለች፤ ትርፉ ጋዝ ወደ ውጭ ይወጣል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፦ ማስወንጨፊያው እስካለ ድረስ ወታደሩ ተራ ጥይት ሲተኩስ እንኳ በየጥይቱ በእጁ ያቀባብላል። በውጊያ መካከል ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ጋራንድ ከተስፋፋ በኋላም ስፕሪንግፊልድ ለቦምብ ተብሎ በየጓዱ የቆየው ኤም 7 በበቂ እስኪደርስ ነበር።

ጀርመኖች ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው 30 ሚሊ ሜትር ኩባያ መረጡ። ቦምቡ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ አቅጣጫውን ይጠብቃል፤ ሽክርክሪቱ ግን የሚወነጨፈውን ብረት ይበትነዋል፣ የመብሳት አቅሙንም ይቀንሳል። ኤም 9 ኤ 1 ክንፍ ባለው ጅራቱ ነው የሚረጋው። በእኔ ግምት ከሁለቱ የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ጀርመኖችም ለኩባያው ሰፋ ያለ ራስ ያላቸውን ቦምቦች በኋላ አከሉ። ሶቪየቶች በ1941 ያወጡት ቪፒጂኤስ 41 ዘንጉ አፈሙዝ ውስጥ የሚገባ ነበር፤ በ1942 ከአገልግሎት ወጣ።

በጣም ያሳሳተኝ የብረት ውፍረት ነው። የቦምብ አቅም የሚጻፈው በቀጥታ ለተመታ ብረት ነው። የጀርመኑ ፓንተር ታንክ የፊት ብረት 80 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ግን ከቁም መስመር በ55 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ በአግድም የሚመጣ ቦምብ የሚያገኘው 140 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከውፍረቱ ጎን የማጋደሉን ዲግሪ መጻፍ ጀመርኩ። የዚያው ታንክ ጎን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ኤም 9 ኤ 1 የያዘ እግረኛ ታንኩ አልፎት ጎኑን እስኪያሳይ አድፍጦ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው።