«አንተ ደስ ካለህ» ማለት እሺ ማለት አልነበረም

ሁለቱ ደብዳቤዎች የመጡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 2015 ነበር። አንደኛው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ካለው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሚድዌስት ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ሁለቱም ተቀብለንሃል ይላሉ። ሁለተኛው ግን የትምህርት ክፍያውን ግማሽ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ጨምሮ ነበር የመጣው።

ያን ቀን ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ሒሳብ ሠራሁ። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። እዚያ የቤት ኪራይ ርካሽ ነው። ደምሬ ቀንሼ ሳየው ልዩነቱ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እወስዳለሁ። 50 ሺህ ዶላር ለኔ ቢጤ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነበር የምትሠራው። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ እልል አለች። ትንሽ ቆይቼ «የቱ ይሻላል ትያለሽ?» አልኳት።

«አንተ ደስ ካለህ እኔም ደስ ይለኛል» አለችኝ።

እኔ ይህን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። በዚያው ሳምንት ለጓደኞቼም ለዘመድም ልንሄድ ነው ብዬ አወራሁ።

ማርች መጨረሻ ላይ ከተማዋን ለማየት አብረን ሄድን። ኮሌጁ በጣም ያምራል። ላቦራቶሪው አዲስ ነው፣ አስተማሪዎቹ ሰው አክባሪ ናቸው። እኔ ልቤ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ልንከራየው ያሰብነውን አፓርታማ አየን። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ዋጋው ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሰፈራችን ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንከፍለው በግማሽ ይቀንሳል። ወጥቼ ከአከራዩ ጋር ሳወራ ባለቤቴ አጠገቤ የለችም። ዞር ስል መንገዱ ዳር የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማለች። ጓንቷን አውልቃ፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የሰዓት ሰንጠረዥ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ውጪው በረዶ ነው፣ ጣቷ ቀልቷል።

«እሑድ የለም ማለት ነው?» አለችኝ።

አየሁት። ቅዳሜ የመጨረሻው አውቶቡስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ጭራሽ የለም። ባለቤቴ ያኔ መኪና አትነዳም ነበር። «ትማሪያለሽ፣ ምን ችግር አለው!» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ጓንቷን አደረገችና ወደ መኪናው ሄደች።

እውነቱን የነገረኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ከተመለስን በኋላ አንድ ቅዳሜ የእቁባችን ዳኛ ደወሉልኝ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ። ቀጠሉና «ልጅቷ ግን ከእቁቡ ልትወጣ ሰው ተክታለች። በ21ዱ የማርያም ማኅበርም ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ አስረክባለች። ምን ብታስከፋት ነው እንዲህ ሁሉን ነገር በችኮላ የምትዘጋው?» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ለኔ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የሦስት ዓመት ኑሮዋን አንድ በአንድ እየሸኘች ነበር። ልታኮርፍ ትችል ነበር። አይሆንም ልትል ትችል ነበር። እኔ ግን እምቢ የምትልበትን ቦታ አልተውኩላትም። ውሳኔዬን ጨርሼ ነበር የጠየቅኋት።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና አፈላች። ስለ ትምህርት ቤቱ አላነሳሁም። ደብተር ይዤ ተቀመጥኩና «ሳምንትሽን ንገሪኝ» አልኳት። ግራ ገባት። «ከሰኞ ጠዋት ጀምሪ፣ የምትሄጂበትን፣ የምታገኚውን ሰው፣ ደስ የሚልሽን፣ የሚያስጠላሽን ሁሉ» አልኳት።

አቦሉ ላይ አፍራ ነበር። ቶናው ላይ ተፍታታች። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር አውቶቡስ ውስጥ የሚያወሩት ወሬ። ማክሰኞና ሐሙስ የእንግሊዝኛ ክፍል፣ አንድ ቀን ነርስ ለመሆን ስለምትፈልግ። ረቡዕ ከእናቷ ጋር በስልክ። ዓርብ እንጀራ የምትገዛበት ሱቅ፣ ባለሱቋ የፍቅር ጉዳይዋን ሁሉ የምታማክራት። ቅዳሜ እቁብ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። በወር አንዴ ማኅበር። በረካው ሲደርስ አሥራ አራት ነገር ጽፌ ነበር። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት፣ እዚያ ከተማ ይኖራል ወይስ አይኖርም ብለን አብረን ምልክት አደረግን። እዚያም የሚኖሩት ሦስቱ ብቻ ሆኑ። አንዱ የእናቷ ስልክ ነው።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም ወጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ሲኤንኤ የሚባለው የነርስ ረዳት ምስክር ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ ጂኤንኤ የሚባል የአረጋውያን ነርስ ረዳት ምዝገባ አለ። እሷ ለፍታ ፈተናውን አልፋለች። ስቴት ስትቀይር ፈቃዱን እንደገና ማዘዋወር አለባት፣ እስኪያልቅ ደግሞ ሥራ ላይኖር ይችላል። ያ የኔ የ50 ሺህ ዶላር ሒሳብ የእሷን ደሞዝ ጨርሶ አላሰበውም ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች።

ሃዋርድን መረጥን። ለሌላው ትምህርት ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ። እማማም ጋ ደውዬ ቦታዋ እንዲመለስላት ለመንኩ።

እዚህ ላይ ለሚወስኑ ሰዎች ከልቤ የምለው አለ። ፋርማሲ የሚማር ሰው ከየትም ይመረቅ፣ ለመሥራት ናፕሌክስ የሚባለውን አንድ ፈተና ነው የሚወስደው፣ በአብዛኛው ስቴት ደግሞ ከዚያ የሕግ ፈተና። ሕሙም ፊት ስትቆም ከየት ተመረቅህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና) ወይም ምርምር የሚያስብ ሰው ትምህርት ቤቱን በጥንቃቄ ቢያበጥር ትክክል ነው። እንደ እኔ ሆስፒታል ወይም ሰፈር ፋርማሲ ለመሥራት የሚማር ግን የትምህርት ቤቱን ስም ከሚገባው በላይ እያገዘፈ ቤቱን እንዳይጎዳ።

ገንዘቡ ግን እውነት ነው፣ አልደብቅም። ብዙ ብድር ወሰድን። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ስትሞላ ባለትዳር ከሆንክ የሚስትህም ገቢ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ብድሩ በስምህ ቢሆንም የቤት ጉዳይ ነው። ያኔ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር የቀረውን ሁሉ ይሸፍን ነበር። አሁን የሚጀምር ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ነው ያለው። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። እንደ ፋርማሲ ላለ የሙያ ዲግሪ የሚሰጠው የመንግሥት ብድር በዓመት 50 ሺህ፣ በድምሩ 200 ሺህ ዶላር ጣሪያ አለው። ስለዚህ ዛሬ ቢሆን ውሳኔያችን እንዲህ ቀላል ላይሆን ይችል ነበር። ሚስትህን አስብ ስል ገንዘቡን ተወው ማለቴ አይደለም። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ አብራችሁ እዩት ነው የምለው።

እኛ የተረፍነው ከአንድ መኝታ ቤታችን ስላልወጣን ነው። መኪናም አልገዛሁም። ያኔ 70 ቁጥር አውቶቡስ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ቁልቁል ሃዋርድ አጠገብ ያወርደኝ ነበር። አሁን ቁጥሩ ተቀይሯል። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያጠናሁትን የመድኃኒት ስም ዛሬም ሳስታውስ ፌርማታው አብሮ ይመጣብኛል። ቅዳሜና እሑድ ኢንተርን (ተለማማጅ) ሆኜ እሠራ ነበር። ይኼ እሑድ የሚለው ነገር ነው ኋላ ጣጣ ያመጣው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ልጃችን ተወለደች። ፈተና ሳምንት ነበር። ከክፍል ስመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። እማማ ገንፎ እያገነፉ ነው፣ የጎንደሯ ልጅ ሕፃኗን ይዛለች፣ የሱቋ ሴትዮ ሦስት ቀን የሚበላ ወጥ ሠርታ አምጥታለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ድምፅ ከደረጃው ላይ ይሰማል። ባለቤቴ አልጋ ላይ ሆና ቅቤ የጠጣ ገንፎ ፊቷ ተቀምጦ ትስቃለች። በሩ ላይ ቆሜ ያቺ ፌርማታ ትዝ አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ባለቤቴ ዝም ማለት ጀመረች። እንደ ድሮው ቡና አታፈላም፣ ሳወራት በአጭሩ ትመልሳለች። እኔ ገርሞኝ ነበር። ሰፈሯ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አለ፣ እቁቧ አለ። አንድ ማታ «ምን ጎደለሽ?» አልኳት።

«ከተማውን መረጥክልኝ፤ አንተ ግን የለህም» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ጠዋት ከመነሳቷ በፊት እወጣለሁ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ እገባለሁ፣ እሑድ ሥራ ነኝ። ከተማውን ስመርጥ ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ነበር። የኔ ጥፋት እዚህ ነበር። ትክክለኛውን ቦታ መምረጥ ጅምሩ ብቻ ነው፣ የሚቀጥለው አራት ዓመት በየሳምንቱ ይመረጣል።

እሑድ መሥራቴን ተውኩ። በወር ወደ 500 ዶላር ገቢ ቀነሰብን፣ ተሰማንም። ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ ስልኬ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ አካባቢ እጄ ይበላኝ ነበር። አራተኛ ዓመት ላይ በየሆስፒታሉ የምንዞርበት ሮቴሽን መጣ። ምርጫችንን በቅደም ተከተል ሙሉ ተባልን። አንድ በጣም የጓጓሁለት ቦታ ነበር፣ ግን ሌላ ከተማ ስድስት ሳምንት መቀመጥ ይጠይቃል። ቅጹን ሳልሞላ ይዤው ቤት መጣሁ። «ደብተሩን አምጪው» አልኳት። በዚህኛው እሷ ናት ሂድ ያለችኝ። እናቷ ለጉብኝት የምትመጣበት ወር ነበር፣ ሁሉን አስባበት ነው። ሄድኩ። ስድስቱም ሳምንት በየማታው ልጄን በቪዲዮ አስተኛኋት።

እንደገና ብጀምር የምቀይረው ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ነው። ማመልከቻው በአንድ ድረ ገጽ ነው የሚገባው፣ የትምህርት ቤት ስም መጨመር አንድ ጠቅታ ነው። ያቺን ከተማ የጨመርኳት ለብቻዬ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሆና ነው። ስሞቹን አብረን ብንመርጥ ኖሮ እቁቧን ለሰው አትሰጥም ነበር። ደግሞ ትምህርት ቤት ስትጎበኙ ተማሪዎቹን ብቻ አትጠይቁ። የተማሪዎቹን ሚስቶችና ባሎች ፈልጋችሁ አግኙ። ማክሰኞ ቀን ምን እንደሚሠሩ ጠይቋቸው። እኔ ላቦራቶሪውን ሳደንቅ ባለቤቴ ለብቻዋ ምሰሶ ታነብ ነበር።

በ2019 ተመረቅሁ። አሁን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ብድሩን ገና እየከፈልን ነው። ባለቤቴ መኪና ትነዳለች፣ እንግሊዝኛዋን ጨርሳለች፣ የነርሲንግ ቅድመ ኮርሶቿንም ጨርሳለች። ባለፈው ወር ከሁለት ትምህርት ቤት ተቀብለንሻል የሚል መልስ መጣላት። አንዱ ቅርብ ነው፣ አንዱ ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል፣ ግን የተሻለ የሆስፒታል ልምምድ አለው።

«የቱ ይሻላል ትላለህ?» አለችኝ።

«አንቺ ደስ ካለሽ እኔም ደስ ይለኛል» አልኳት፣ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ያንን ጠርዙ የተበላ ደብተር ከመሳቢያው አወጣች፣ ባዶ ገጽ ፈለገች፣ እስክሪብቶ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች።

«ሰኞ ጠዋት» አለች። «ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ማን ነው?»