በናሚቢያ በረሃ ሦስት ሌሊት

በረሃ ሲባል ለእኔ አፋር ነበር። ሙቀት፣ ላብ፣ ጥላ ፍለጋ። ለናሚቢያም ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ስስ ስስ ልብስ ብቻ ነበር የያዝኩት። በመጀመሪያው ማለዳ ግን ክፍት መኪና ላይ ሆኜ ካምፑ የሰጠኝን ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስቤ እንኳ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ናሚብ ከውቅያኖስ ጋር የሚጎራበት በረሃ ነው። ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ዳርቻውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጭጋግ ያመጣል፣ ዝናብ ግን ይከለክላል። ግንቦት ላይ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ነው። ንጋትና ማታ ግን ወፍራም ሹራብ፣ ኮፍያና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት የግድ ነው።

የጉዞው ሐሳብ የታላቅ እህቴ ነው። ቨርጂኒያ ትኖራለች። 50 ዓመት ሲሞላት ድግስ አልፈለገችም። "ስልክ የማይጠራበት ቦታ ውሰጂኝ" አለችኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ዊንድሁክ ስለሚበር እሷ ቦሌ ድረስ መጣች፣ ከዚያ አብረን ሄድን።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ናሚቢያ ውስጥ በውዱ ወቅት ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚጠይቁ ካምፖች አሉ። ያንን አንችልም። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ሸሽተን ግንቦትን መረጥን፤ ዝናቡ አልቋል፣ ቱሪስቱ ገና አልጎረፈም። ከዘጠኙ ሌሊት ስድስቱን ተራ የእንግዳ ማረፊያ አደርን፤ ለቅንጦት ካምፑ ሦስት ሌሊት ብቻ አስቀረን። አንድ ድንኳን ለሁለት መያዛችንም ጠቅሞናል፣ ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይከፍላል። ምግቡ፣ አስጎብኚውና የመኪና ጉብኝቱ ዋጋው ውስጥ ነበሩ። ቅድሚያ ክፍያው በእህቴ ካርድ ነው ያለቀው። ከአዲስ አበባ ሆኜ በዶላር ልክፈል ብል አይሳካልኝም ነበር። ለመንገድ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ራንድ ይዛችሁ ብትገቡ ችግር የለም፤ ከናሚቢያ ዶላር ጋር አንድ ለአንድ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ይቀበላል።

ዊንድሁክ ላይ ፎር ዊል ተከራየን። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። እህቴ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በየመታጠፊያው "ግራ ያዢ!" ስትለኝ ዋለች። ኦካሃንጃን፣ ካሪቢብን አልፈን እስከ ኦማሩሩ አስፋልት ነው። ከዚያ ጠጠር ይጀምራል። ኡይስ የምትባለውን ትንሽ የማዕድን ከተማ አልፈን አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ክሪኩን አወጣን፣ ብሎኖቹን ፈታን፣ ስኮርታውን አወረድን። ስኮርታው ራሱ አየር የለውም! አከራዮቹ "ሁሉም ተፈትሿል" ብለው አስፈርመውናል። ሞባይል ኔትወርክ የለም። ከ40 ደቂቃ በኋላ አንድ ፒክአፕ መጣ። ሾፌሩ ሳንጠይቀው ወርዶ በራሱ ኮምፕሬሰር ጎማውን ሞላልን። ብር ስንሰጠው እጁን አወዛወዘ። ስለዚህ አደራ፦ ከአከራዩ ግቢ ሳትወጡ ስኮርታውን በእጃችሁ ፈትሹ፣ ኮምፕሬሰር ጠይቁ። ጠጠር መንገድ ላይ የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱ፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይም አትንዱ። ያ መንገድ ብዙ ሰው ገልብጧል።

ትዋይፌልፎንታይን ላይ ቆም ብለን ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ጥንታዊ ምስሎች አየን። ከ2,000 በላይ ናቸው፤ በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በዩኔስኮ የተመዘገቡ የናሚቢያ የመጀመሪያ የዓለም ቅርስ ናቸው። ከዚያ ወደ ካምፑ።

መኪናችንን ከሸለቆው ውጭ አቁመን በካምፑ መኪና ገባን። ድንኳን ይባላል እንጂ ወለሉ እንጨት ነው፤ ግድግዳው ሸራ፣ አልጋው እንደ ጥሩ ሆቴል። በአንድ በኩል ሸራው ሲጠቀለል ቀይ ተራራና ደረቅ ወንዝ ብቻ ይታያል። ሌላ ቤት የለም፣ የመብራት ምሰሶ የለም። ሻወሩ ከላይ የተሰቀለ ባልዲ ነው። ሰዓቱን ስትነግሯቸው ሙቅ ውሃ ይሞሉበታል። ባልዲው እስኪያልቅ ነው የምትታጠቡት። መጀመሪያ "ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የከፈልነው?" ብዬ ነበር። ውሃ እዚያ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ከሰማሁ በኋላ ግን ግማሹን እያስተረፍኩ ወጣሁ።

የነገሩኝ አስጎብኚያችን ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይሆናል፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው አካባቢ ነው። ካምፑ ባለበት፣ ዳማራላንድ በሚባለው አካባቢ ያለው ሕዝብ ሁሉ ግን ከጥንት እዚያ የነበረ አይደለም። በአፓርታይድ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሪምቫስማክ ከሚባል የደቡብ አፍሪካ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ቀጥሎ በ80ዎቹ ድርቅና አደን እንስሳውን ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። ናሚቢያ በ1990 ከደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ነፃ ወጣች። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ በጋራ መሬት የሚኖረው ሰው ተደራጅቶ በመሬቱ ካለው የዱር እንስሳ እንዲጠቀም ፈቀደ። ኮንሰርቫንሲ ይሉታል። በ1998 አራት ተመዘገቡ፤ አንዷ እዚያው ዳማራላንድ ያለችው ቶራ ናት። ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። እኛ ያረፍንበት ካምፕም መሬቱ የማኅበረሰቡ ነው። ከምንከፍለው ላይ ድርሻ ይሄዳል፣ አብዛኛው ሠራተኛም ከዚያው ነው። ካምፕ ስትመርጡ ይህን አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። እኔ ሦስት ካምፕ ጠይቄ በዝርዝር የመለሰልኝን ነው የያዝኩት።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚያችን አንድ መንደር አሳዩን። የውሃ ታንከሩ ዙሪያውን በወፍራም የድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ዝሆን በጥም ሲመጣ ቧንቧ ይነቅላል፣ ታንከር ይሰብራል። "እኔ ዝሆን እወዳለሁ" አሉን። "ሚስቴ ግን ጠዋት ተነስታ ውሃ ስታጣ እንድትወድ ልነግራት አልችልም።" እህቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። እኔም ዝሆን ባየሁ ቁጥር ያ ግንብ ትዝ ይለኛል።

የበረሃ ዝሆን ሲባል ሌላ ዝርያ የሆነ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ያው የአፍሪካ ዝሆን ነው። ልዩነቱ ዕውቀት ነው። ውሃው የት እንዳለ፣ በየትኛው ወቅት የትኛው ወንዝ ዳር እንደሚሻል እናቶች ያውቃሉ፣ ልጆች ተከትለው ይማራሉ። ደረቁ ወንዝ ዳር ደግሞ ያገሬን ዛፍ አገኘሁ! እነሱ አና ይሉታል። በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ግራር ነው። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም፣ ገበሬዎቻችን ማሳ ውስጥ የማይቆርጡት። ዝሆኖቹ ፍሬውን ይወዳሉ። የአዋሽ ሳላ ዘመድም እዚያ አለ፤ ፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት ያለው፣ በናሚቢያ አርማ ላይ የተሳለው።

አውራሪስ ፍለጋ በእግር ነው የሄድነው፤ ነፋሱ ከፊት፣ ሰው ሁሉ በአንድ መስመር። የእኛን ቅንጭብ የሚመስል ቁጥቋጦ ሞልቷል። ወተቱ መርዝ ነው፣ አውራሪሱ ግን ይበላዋል። ከሩቅ አንድ አየን፤ ጆሮዎቹን እያዞረ። ከዚያ በፊት አስጎብኚያችን ስልኮቻችንን ተቀብለው ፎቶ የተነሳበትን ቦታ የሚመዘግበውን አዘጉ። አዳኞች ያንን ይከታተላሉ።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም አልነበረብንም፤ ግን ሥጋ ሲባል የዱር እንስሳም ሊሆን ይችላል። የሜዳ አህያ ሥጋ የሚቀርብበት አገር ነው። የማትበሉትን ቦታ ስትይዙ በጽሑፍ አሳውቁ። በጾም ወራት ከሄዳችሁ "ቪጋን" በሉ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሁለት ሌሊት ለመያዝ አስበን ነበር። ሦስት በማድረጋችን ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን በድካም ያልፋል፣ በሁለተኛው ሁሉን ለማየት ትሮጣላችሁ። በሦስተኛው ነው መቀመጥ የቻልነው። ያን ቀን ጠዋት እናቶችና ግልገሎች የሆኑ ሰባት ዝሆኖች ወንዙ ውስጥ ነበሩ። አንዷ በፊት እግሯ አሸዋውን ትገፋለች፣ በኩምቢዋ ታወጣለች፣ ትጠብቃለች። ከዚያ ጠጣች። ትንሹ ኩምቢውን አብሮ ሊያስገባ ሞከረ፣ በእርጋታ ገፋችው፣ ስትጨርስ ለቀቀችለት። ሄደው ከጠፉ በኋላ አስጎብኚያችን መኪናውን ወደ ጉድጓዱ አስጠጉ። አፉ እንደ ባልዲ አፍ ነው። ከታች ውሃው ቀስ እያለ ይሞላል። መቅረብ ፈለግን፣ እሳቸው ግን በእጃቸው አስቆሙን። ከተራራው ሥር አንድ ሳላ ተራውን እየጠበቀ ነበር። መኪናውን ወደ ኋላ አስኬዱልን።